የእግር ትምህርትና የልብ ጸሎት

ሰው በእጁ ወይም በእግሩ የሚሠራውን ሥራ ገና ሲማር አሳቡ ሁሉ በእጁና በእግሩ ላይ ይወድቃል። ቍም ጽሕፈት የሚለማመድ ልጅ የቃሉን ትርጓሜ ትቶ የብርዑን አያያዝ ያያል፤ አዲስ አራሽም ዕርፍ በጨበጠ ጊዜ አዝመራውን ሳይሆን ትልሙን ይመለከታል። ይህ በሥጋዊ ሥራ ሲሆን ማንም አይነቅፈውም፤ ትልሙ ከቀና እህሉ ይበቅላልና። ነገር ግን ሥራው ጸሎት በሆነ ጊዜ አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። በማሕሌት ቆሞ የእግሩን አነሣሥ የሚቈጥር ጀማሪ በእውነት እግዚአብሔርን ያመሰግናልን? ወይስ አፉ የምስጋናን ቃል ሲናገር ልቡ ስለ እግሩ ይጨነቃልና ምስጋናው ከንቱ ነው? ደግሞስ ትምህርቱን ፈጽሞ እጁና እግሩ ሳይቈጥር በራሳቸው የሚሄዱለት ሊቅ፥ በዚያ ሰዓት ልቡ ወዴት እንደ ሄደ ማን ያውቃል?

ጥያቄው የአቋቋም ተማሪዎች ብቻ አይደለም። ስግደት በጕልበት፥ ጾም በሆድ፥ ምጽዋት በእጅ የሚፈጸሙ ናቸው። ሥጋ የሚማረው ሥርዓት ነፍስን የሚጠቅማት ወይም የሚያታልላት መሆኑን ማወቅ ለሚሰግድ፥ ለሚጾምና ለሚመጸውት ሰው ሁሉ ይገባል። ስለዚህ የአንዱ ትምህርት ቤት ነገር ለሁሉ ምሳሌ ሆኖ ይመረመራል።

ማሕሌታይ ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም፥ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን፥ በግዕዝ በዕዝልና በአራራይ የደረሰውን ዜማ ሊቃውንት በድምፅ ብቻ አላስቀሩትም። ለድጓ ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ ምስክር እንደ ሆኑ ሁሉ፥ ለአቋቋም ጎንደር በአታ ምስክር ሆና ኖራለች። አቋቋም ማለት ድምፅን ከእግር፥ ከወገብና ከእጅ ጋራ አስማምቶ መቆም ነው። መዘምራኑ በ2 ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። አስቀድሞ ቃሉ ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል በቁም ዜማ ይባላል፤ ቀጥሎ መቋሚያው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያዘነበለ ይዘመማል፤ ከዚያም ከበሮው ገብቶ ይረገዳል፤ በመጨረሻም ጽፋቱ ሲደርስ ከበሮው ይፈጥናል፥ እጅም ይጨበጨባል። ያው አንዱ ቃል እንዲህ እየተመላለሰ ከዝግታ ወደ ፍጥነት፥ ከጸጥታ ወደ ደስታ ይወጣል። መተርጕማንም ለእያንዳንዱ ምሥጢር ይሰጡታል። ከበሮው በጠፍር መጠፈሩ የጌታን መታሰርና መገረፍ፥ የመቋሚያው ወዲያና ወዲህ ማለት በዕለተ ዓርብ ወዲያና ወዲህ መንገላታቱን ያሳስባል ይላሉ።

ጀማሪው ግን ከዚህ ሁሉ ምሥጢር በፊት የሚሰማው የጕልበቱን ድካም ነው። ድምፅን በምልክት መጻፍ ይቻላል፤ በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሠሩት የድጓ ምልክት እስከ ዛሬ ያገለግላል። የወገብን አዘማመም ግን ከመምህር አካል ካላዩት በቀር ከብራና ብቻ አይማሩትም። መምህሩ ይዘማል፥ ተማሪው ይከተላል፤ መምህሩ ያቆማል፥ ተማሪው አልፎ ይሄዳል፤ ከዚያም እንደ ገና ይጀመራል። መቋሚያውን ክንድ ብቻ የሚጐትተው እንደ ሆነ ይደርቃል፤ ሰውነት ሁሉ ሲታዘዝለት ግን ይለዝባል። ዓይን ወደ መሬት ከወረደ አንገት ይሰበራል፥ አንገት ከተሰበረ ድምፅ ይታፈናል። ጀማሪው ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊያስብ ሲሞክር፥ አንዱን ሲይዝ አንዱን ይጥላል።

ለምሳሌ ይሆን ዘንድ አንድ ተማሪ ይታሰብ። ድጓውን አድርሶ፥ ድምፁ ያማረ ሆኖ፥ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን ይዞ ወደ አቋቋም ቤት ገባ። በድጓ ቤት ጓደኞቹን ያስቀና የነበረው ይህ ሰው በአዲሱ ጉባኤ ከሁሉ የሚያንስ ሆነ። ድምፁ ቀድሞት ይሄዳል፥ እግሩ ግን ይዘገይበታል። በአንድ ዝማሜ ላይ 3 ወር ቆየ። በአንድ የበዓል ሌሊት ከረድፉ ጫፍ ቆሞ ሳለ ጓደኞቹ ሁሉ ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ የእርሱ መቋሚያ ለብቻው ወደ ግራ ሄደ። ከፊቱ የቆመው ልጅ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። ሲነጋም ተማሪው ራሱን መረመረ፤ ሌሊቱን ሁሉ ከተናገረው ቃል አንዱን እንኳ በልቡ እንዳላሰበው አገኘ። ይህ ከጓደኛው ሳቅ ይልቅ አሳዘነው። ወደ መምህሩም ሄደ።

«የኔታ፥ ይፍቱኝ፤ ከእንግዲህ ወዲህ ከማሕሌቱ ልቅር» አላቸው።

«ስለ ምን፥ ልጄ?»

«ድጓ ስማር ዓይኔን ጨፍኜ ባዜምሁ ጊዜ እንባ ይመጣልኝ ነበር። አሁን ግን ስለ ቀኝና ስለ ግራ እግሬ ሳስብ ይነጋል። ቃሉ በአፌ ያልፋል እንጂ ከልቤ አይደርስም። በእግሩ ከሚዋሽ ሰው በጥግ ተቀምጦ አቡነ ዘበሰማያት የሚደግም አይሻልምን?»

መምህሩ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ይህን ጥያቄ ይዘህ እስከ ዐቢይ ጾም ቆይ፤ ያን ጊዜ መልሱን አንተው ትነግረኛለህ» ብለው አሰናበቱት።

የዚህ ተማሪ ጥያቄ በ2 ወገን የሚከራከሩ ሰዎችን ያስነሣል። የፊተኞቹ «እግዚአብሔር ልብን ያያል፤ የእግር ሥርዓት ለሰው ዓይን የተሠራ ጌጥ ነው» ይላሉ። ለዚህም ቀራጩን ምስክር ይጠራሉ፤ እርሱ ዜማ ሳያውቅ፥ ሥርዓት ሳይማር፥ ጸድቆ ወደ ቤቱ ተመልሶአልና። ነገር ግን ወንጌሉን አጥብቆ ያነበበ ሰው ያስተውል፤ ያ ቀራጭ በልቡ ብቻ አልጸለየም። በሩቅ ቆመ፤ ዓይኑን ወደ ሰማይ ማንሣት ፈራ፤ ደረቱንም መታ። መቆሙም፥ ዓይኑን ዝቅ ማድረጉም፥ ደረቱን መምታቱም የሥጋ ሥራዎች ናቸው። ልቡ ከተሰበረ በኋላ ሥጋው ዝም ብሎ ሊቀመጥ አልቻለም። እንግዲህ ሥጋ በጸሎት ላይ የተጨመረ ትርፍ አይደለም፤ ሰው ነፍስና ሥጋ ሆኖ ተፈጥሮአልና ሲያመሰግንም በሁለቱ ያመሰግናል።

ንጉሥ ዳዊትም በታቦተ ጽዮን ፊት በዘለለ ጊዜ ሜልኮል በመስኮት ሆና አይታ በልብዋ ናቀችው። እርስዋ ያየችው እግሩን ነው፤ እግሩ በማን ፊት እንደሚዘል ግን አላየችም። በመስኮት ሆኖ የሚመለከት ሁልጊዜ እግርን ብቻ ያያል። ጥያቄውን ከባድ የሚያደርገው ግን፥ የማሕሌቱ ጀማሪ ራሱን በመስኮት እንደሚያይ ሰው መሆኑ ነው፤ ዳዊትም ሜልኮልም በአንድ ሰውነት ውስጥ ተገናኝተውበታል። አንዱ ሊያመሰግን ይወዳል፤ አንዲቱ ትመለከተዋለች፥ ትስቅበታለችም።

የኋለኞቹ ደግሞ «ሥርዓቱ ከተፈጸመ ይበቃል፤ ልብን መመርመር የእግዚአብሔር እንጂ የሰው አይደለም» ይላሉ። ይህም አሳብ ምንም እንኳ ትሕትና ቢመስል ስንፍና አለበት። ነቢያት በከንፈሩ የሚቀርበውን በልቡ ግን የራቀውን ሕዝብ ገሥጸዋል። ሐዋርያውም ፍቅር የሌለውን ሰው በሚጮህ ናስ መስሎታል፤ ጸናጽል የሚይዝ ሁሉ ይህን ምሳሌ ከሌላው ሰው አብልጦ ሊፈራው ይገባል፤ ናሱ በእጁ ነውና። ከበሮ ልብ የለውም፥ ቢመቱት ግን ይጮኻል። ሰው ከበሮ ሊሆን አልተፈጠረም።

እንግዲህ ልብ ብቻ የሚሉትም ሥርዓት ብቻ የሚሉትም እውነቱን ከፍለው ያዙት። የግሪክ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ ቤት ሠሪ ቤት በመሥራት፥ በገና ደርዳሪም በመደርደር እንደሚሠለጥን፥ እንዲሁም ሰው የጽድቅን ሥራ እየሠራ ጻድቅ እንደሚሆን አስተምሮአል። ይህ ለጀማሪው መጽናናት ይሆነዋል፤ ልቡ እስኪሞላ ድረስ ቢጠብቅ ኖሮ ፈጽሞ አይጀምርም ነበርና። ነገር ግን ልምድ ብቻውን ሁለት ልጆች ይወልዳል፤ አንዱ ፍቅር፥ ሁለተኛው ድንዛዜ ነው። ሺህ ጊዜ የዘመመ ሰው በሺሁ ጊዜ ውስጥ ልቡ ሊለዝብም ሊደርቅም ይችላል። ስለዚህ ልምዱ ወዴት እንደሚመራ መጠየቅ ይገባል።

በሌላ አገር በሌላ ሥራ ያለው ልማድ ይህን ለማስተዋል ይረዳል። ባሌት የሚባለው የአውሮፓ ጭፈራ ከኢጣልያ መሳፍንት ግቢ ተነሥቶ በፈረንሳይ አደገ፤ ንጉሥ ሉዊ 14ኛም በ1661 ዓመት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ በፓሪስ የጭፈራ አካዳሚ አቋቋመለት። የእግሩ አቋቋም በ5 ስልት ተወስኖ፥ የእንቅስቃሴዎቹም ስም በፈረንሳይኛ ተጠርቶ፥ በየአገሩ ያለ ተማሪ በዚያው ስም ይማረዋል። ጀማሪው ከግድግዳ አጠገብ በተዘረጋ የእንጨት አግዳሚ እጁን አሳርፎ አስቀድሞ ጕልበቱን ቀስ አድርጎ ማጠፍና ማቅናት ይማራል። የሚያስደንቀው ግን ስሙ በዓለም የተጠራው ጨፋሪ እንኳ በየማለዳው ወደዚያው አግዳሚ ተመልሶ ጀማሪው የሚያደርገውን ያንኑ የጕልበት ማጠፍ መጀመሩ ነው። ጀማሪውና ሊቁ በአንድ አግዳሚ ላይ ይገናኛሉ፤ የሚለያዩት በሚያደርጉት ነገር አይደለም፥ በሚያደርጉት ነገር ውስጥ በሚያዩት ነው። ጀማሪው ጕልበቱን ያያል፤ ሊቁ በጕልበቱ በኩል ዜማውን ይሰማል።

በዚያ ትምህርት ቤት ግድግዳው መስተዋት ነው፤ ተማሪው ስሕተቱን በራሱ መልክ አይቶ ያርማል። መምህራኑ ግን መስተዋቱን አብዝቶ የሚመለከተውን ይገሥጹታል፤ መልኩን ሲፈልግ አንገቱ ይጣመማል፥ ሚዛኑም ይጠፋልና። የማሕሌት ቤት መስተዋት የለውም። ተማሪው ስሕተቱን የሚያየው ከፊቱ በቆመው ወንድሙ ነው፤ ወንድሙ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል እርሱ ወደ ግራ ቢሄድ ያውቀዋል። መስተዋት ለሰው የራሱን መልክ ይሰጠዋል፤ ረድፍ ግን የወንድሙን መልክ ይሰጠዋል። ጨፋሪው የሚሠራው ለተመልካች ነውና መስተዋቱ አያስነቅፈውም። ዘማሪ ግን በልቡ ውስጥ መስተዋት ያቆመ እንደ ሆነ፥ በቤተ መቅደስ ቆሞ ለቴአትር ይዘጋጃል።

ስለ ማሕሌታይ ያሬድ የሚነገረው ታሪክ ሁለቱንም ጊዜ፥ የጀማሪውንም የሊቁንም፥ ያስተምራል። በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ከአጎቱ ከአባ ጌዴዎን ፊት በሸሸ ጊዜ በማይ ኪራህ ከዛፍ ጥላ ተቀምጦ አንዲት ትል አየ። ዛፉን ልትወጣ 6 ጊዜ ወድቃ በ7ኛው ወጣች፥ ፍሬውንም በላች። ያሬድም ተመልሶ ተማረ። ከብዙ ዘመን በኋላ በንጉሡ ፊት ቆሞ ሲያዜም የንጉሡ ጦር እግሩን ወጋው፤ ደሙ ፈሰሰ፥ ነገር ግን ንጉሡም ያሬድም በዜማው ተመስጠው ነበርና አላወቁም። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ታሪክ ይወዳል፥ የፊተኛውን ለሕፃናት ይተወዋል። ነገር ግን እግሩን የረሳው ያሬድ አስቀድሞ የትልን አወጣጥ የተመለከተው ያሬድ ነው። ሳይማር እግሩን የረሳ ሰው ተመስጦ አይባልም፤ ቸልተኛ ይባላል። መርሳት የሚገባው አስቀድሞ ያወቀ ነው።

ይህ ለቅኔ ተማሪ የተገለጠ ነገር ነው። ጀማሪው በጉባኤ ቃና 2 ቤት ብቻ ይዞ ሌሊቱን ይቈጥራል፤ ቃሉን ይመዝናል፥ ቤቱ ይሰበርበታል፥ ይጥለዋል፥ እንደ ገና ያነሣዋል። ከዓመታት በኋላ በጉባኤ መካከል ቆሞ መወድስ ይዘርፋል። ያልቈጠረ አይዘርፍም። የቅኔው ሥራ ስሙን የወሰደው ከወርቅ አንጥረኛ ቤት ነው፤ የአንጥረኛውን ሥራ ያየም የማሕሌቱን ጥያቄ ይፈታዋል። አንጥረኛ ወርቁን ከማፍሰሱ በፊት ሰሙን በወደደው መልክ ይቀርጻል። ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ባሞቀው ጊዜ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፥ ወርቁም በተወው ስፍራ ይገባል። ሰሙ በተጣመመ ወርቁ ይጣመማል፤ ወርቅ ስለ ሆነ ብቻ አይቀናም። ነገር ግን ሰሙ ሳይቀልጥ የቀረ እንደ ሆነ ለወርቁ ስፍራ አይገኝለትም።

የእግር ትምህርት ሰሙ ነው። «ልብ ይበቃል» የሚሉት ወርቁን ያለ ቅርጽ በመሬት ያፈስሳሉ። «ሥርዓት ይበቃል» የሚሉት ሰሙን እንደ ወርቅ በአንገታቸው ያስራሉ፤ ፀሐይ በወጣ ጊዜም ይቀልጥባቸዋል። ጀማሪው ሰሙን በሚቀርጽበት ሰዓት «ወርቄ ወዴት አለ?» ብሎ ቢያለቅስ ሊወቀስ አይገባውም፥ ተስፋም ሊቈርጥ አይገባውም፤ ገና እሳቱ አልነደደምና።

ቢሆንም ጥያቄው አላለቀም። ወርቁ እስኪገባ ድረስ የጀማሪው ሌሊት በእግዚአብሔር ፊት ምንድን ነው? ባዶ ነውን? ወንጌል 2 ሳንቲም የሰጠችውን መበለት ከባለጠጎች ሁሉ አብልጣ እንደ ሰጠች ይመሰክርላታል፤ ከጉድለትዋ ያላትን ሁሉ ሰጥታለችና። ሊቅ ዜማው፥ ምሥጢሩ፥ እንባውም አለው፤ ከትርፉ ይሰጣል። ጀማሪው ግን ያለው አሳቡ ብቻ ነው። እርሱንም ለእግሩ ሰጠ፤ እግሩንም ለረድፉ ሰጠ፤ ረድፉም ለእግዚአብሔር ቆሞአል። ስለዚህ በመታዘዝ የቈጠረው እርምጃ፥ ጣዕም ባይኖረው እንኳ፥ ስጦታ ነው። ደርሶበት የማያውቀው እንባ ይህን ስጦታ አይሽረውም።

ከጀማሪው ይልቅ የሚያስፈራው ለመካከለኛው ነው። ጀማሪ ስለሚሳሳት ይዋረዳል፥ ትሕትናውም ይጠብቀዋል። መካከለኛው ግን መቋሚያው ለዝቦለት፥ ድምፁ ሞልቶለት፥ ሴቶች በእልልታ ሲቀበሉት፥ ከረድፉ ጥቂት ቀደም ማለት ያምረዋል። እግሩ አልተሳሳተም፤ ረድፉ ግን ተሰበረ። በማሕሌት ከሁሉ የሚበልጥ ሰው ማለት ብቻውን የሚታይ አይደለም፤ እርሱ ባለበት ረድፍ ሁሉም የሚያምርለት ነው። ስለዚህ የሰው ትምህርት ወዴት እንደ መራው ለማወቅ አንድ መመዘኛ ይበቃል፤ ተምሮ ሲያበቃ ከጐኑ የቆመውን ደካማ ይጠብቀዋልን? ወይስ ጥሎት ይሄዳል?

ያ ተማሪ እስከ ዐቢይ ጾም ቆየ። በጾሙ ወራት ከበሮውና ጸናጽሉ ዝም አሉ፤ ጾመ ድጓው በመቋሚያ ብቻ ይዘመም ጀመር። የሚጮኽ ነገር ስለሌለ ስሕተት የሚሸፈንበት የለም፤ የሚያስቸኵልም የለም። በአንድ ሌሊት ተማሪው ቃሉን እየሰማ ሳለ መቋሚያው ሳይጠይቀው ከጓደኞቹ ጋራ ወደ ቀኝ ሄደ፥ ወደ ግራም ተመለሰ። የጥንቱ እንባም መጣ። ወዲያውም በልቡ «እነሆ፥ ቻልሁ» አለ፤ ያን ባለ ጊዜ እግሩ ሳተ።

ሲነጋ ወደ መምህሩ ሄዶ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። እርሳቸውም ሳቁ።

«ከመጣህ ጀምሮ እግርህን ስትጠብቅ ነበርህ» አሉት፤ «ዛሬ ማታ ደግሞ ከእግርህ የሚበረታ ሌባ አየህ። የፊተኛው ትምህርት አለቀ፤ ሁለተኛው ተጀመረ።»

«ሁለተኛው ስንት ወር ይፈጃል፥ የኔታ?»

«እኔም ገና አልጨረስሁትም፥ ልጄ። በል፥ መቋሚያህን አንሣ።»

ተማሪው ከማሕሌቱ አልቀረም። ጥያቄውም ፈጽሞ አልተወውም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የሚከስሰው መሆኑ ቀርቶ የሚጠብቀው ሆነ። እግሩ በሳተ ጊዜ ይማራል፤ እግሩ በቀና ጊዜ ይፈራል፤ ሁለቱን የረሳበት ጥቂት ሰዓት ቢገኝ ደግሞ እርሱ ስጦታ ነውና አይቈጥረውም። እንቍላል ቀስ በቀስ በእግሩ እንደሚሄድ የሚናገረው የአገር ምሳሌ ለእንዲህ ያለው ሰው ይስማማዋል፤ ዶሮዋ ግን ሙቀትዋን ካልሰጠችው እንቍላል በራሱ እግር አያወጣም። መትጋት የሰው ነው፤ ሙቀቱ ግን የእግዚአብሔር ነው። ስለዚህ የሚማር ሰው በእግሩ ይትጋ፥ ስለ ልቡም ይለምን፤ የሰጪው ስም ለዘላለም የተመሰገነ ይሁን።